ጾም፣ የሰውነት ክብደትና የጡት ካንሰር፦ ለማረጥ ያልደረሱ እናቶችና እኅቶች ሊያውቁት የሚገባ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

የተወደዳችሁ ምእመናንና ምእመናት፣ ቅድስት ቤተ ክርስቲያናችን የሰው ነፍስ ብቻ ሳይሆን ሥጋውም የእግዚአብሔር ፍጥረት መሆኑን ታስተምራለች። ሐዋርያው ቅዱስ ጳውሎስ የቆሮንቶስን ምእመናን ሰውነታቸው የመንፈስ ቅዱስ ቤተ መቅደስ መሆኑን አሳስቧቸዋል (1ኛ ቆሮ. 6፥19)። አምላካችን ሥጋችንን ተዋሕዶ ሰው መሆኑም የሰው ሥጋ ምን ያህል የከበረ እንደሆነ ያሳያል። ቤተ መቅደስን ማጽዳትና መጠበቅ የአገልጋዩ ድርሻ እንደሆነ ሁሉ ሥጋንም መጠበቅ የባለቤቱ አደራ ነው። ስለዚህ ስለ ጤና መማር ከመንፈሳዊው ትምህርት ውጪ የሆነ ነገር አይደለም።

በዛሬው ጽሑፋችን በተለይ የወር አበባቸው ገና ያልቆመ፣ ማለትም ለማረጥ ያልደረሱ እናቶችና እኅቶች ደጋግመው የሚያነሧቸውን ሁለት ጥያቄዎች እንመለከታለን። የመጀመሪያው «ክብደት ብቀንስ ከጡት ካንሰር እጠበቃለሁን?» የሚል ሲሆን ሁለተኛው «የምንጾመው ጾምስ ከዚህ በሽታ ይጠብቀናልን?» የሚል ነው። ለሁለቱም ጥያቄዎች በ«አዎን» ወይም በ«አይደለም» ብቻ መመለስ ሰውን ያሳስታል። ስለሆነም ነገሩን ከሥሩ ጀምረን በቅደም ተከተል እናስረዳለን። በጽሑፉ የተጠቀሱት ዓመተ ምሕረቶች በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የበሽታው ስፋት

የጡት ካንሰር በዓለም ላይ ሴቶችን ከሚያጠቁ የካንሰር ዓይነቶች ሁሉ በብዛት ቀዳሚው ነው። በ2022 ብቻ 2.3 ሚሊዮን ያህል ሴቶች በዚህ በሽታ መያዛቸው ሲታወቅ፣ 670 ሺህ ያህሉ ሕይወታቸውን አጥተዋል። በሀገራችንም ሴቶችን ከሚያጠቁ ካንሰሮች የመጀመሪያውን ቦታ ይዟል። ዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ተቋም በ2020 ባወጣው ግምት በኢትዮጵያ በአንድ ዓመት ከ16 ሺህ በላይ አዲስ የጡት ካንሰር ሕሙማን እንደሚኖሩ አመልክቷል።

በእኛ ሀገር ሁለት ነገሮች ሸክሙን ያከብዱታል። አንደኛው ከሕሙማኑ ብዙዎቹ ገና በወጣትነትና በጎልማሳነት ዕድሜ ላይ የሚገኙ፣ ልጆች የሚያሳድጉ እናቶች መሆናቸው ነው። ሁለተኛው ደግሞ አብዛኞቹ ወደ ሕክምና የሚመጡት በሽታው ሦስተኛና አራተኛ ደረጃ ላይ ከደረሰ በኋላ መሆኑ ነው። የጨረር ሕክምና ለረጅም ዘመን በአዲስ አበባው ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ብቻ ተወስኖ መቆየቱ፣ በቅርብ ዓመታት ወደ ክልል ሆስፒታሎች መስፋፋት ቢጀምርም፣ ብዙዎችን ለረጅም ወረፋ ዳርጓል። ስለዚህ በሽታውን አስቀድሞ መከላከልና ቶሎ መለየት ለእኛ ከማንም በላይ ያስፈልገናል።

የጡት ካንሰር ምክንያቱ አንድ ብቻ አይደለም። ከሕሙማኑ ከ5 እስከ 10 በመቶ በሚሆኑት ላይ ከወላጅ የተወረሰ የዘረመል ለውጥ ይገኛል። ዕድሜ መግፋት፣ የወር አበባ በልጅነት መጀመርና ዘግይቶ መቆም፣ አለመውለድ ወይም ዘግይቶ መውለድ፣ የአልኮል መጠጥ፣ የአካል እንቅስቃሴ ማነስና ካረጡ በኋላ ከመጠን በላይ መወፈር ለበሽታው የመጋለጥ ዕድልን ከሚጨምሩት መካከል ናቸው። አንዳንዶቹን መለወጥ አንችልም፤ አንዳንዶቹን ግን እንችላለን። የሰውነት ክብደት ልንለውጣቸው ከምንችላቸው አንዱ ነው።

ክብደትና የጡት ካንሰር፦ ከማረጥ በፊትና በኋላ

እዚህ ላይ ብዙዎች የማያውቁት አንድ ነገር አለ። ከመጠን ያለፈ ክብደት በጡት ካንሰር ላይ ያለው ተጽዕኖ ሴቲቱ ከማረጧ በፊትና በኋላ አንድ ዓይነት አይደለም።

ካረጡ በኋላ ያለው ጉዳይ ግልጽ ነው። የሴት ልጅ የወር አበባ ሲቆም እንቁልጢዎቿ ኢስትሮጅን የተባለውን ሆርሞን ማመንጨት ያቆማሉ። ከዚያ በኋላ የኢስትሮጅን ዋና ምንጭ የሚሆነው የሰውነት ስብ ነው። በስብ ውስጥ የሚገኝ አሮማቴዝ የሚባል ንጥረ ነገር ሌሎች ሆርሞኖችን ወደ ኢስትሮጅን ይለውጣል። ስብ በበዛ መጠን ኢስትሮጅኑም ይበዛል፤ ብዙዎቹ የጡት ካንሰር ዓይነቶች ደግሞ በዚህ ሆርሞን የሚያድጉ ናቸው። በዚህ ላይ ውፍረት በደም ውስጥ ያለውን የኢንሱሊን መጠን ከፍ ያደርጋል፤ በሰውነት ውስጥም ዘወትር የማይበርድ ዝቅተኛ መቆጣትን ያስከትላል። ሁለቱም የሕዋሳትን ያለልክ መባዛት የሚያግዙ ናቸው። ዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ተቋም በ2016 ከመጠን ያለፈ የሰውነት ስብ ለ13 የካንሰር ዓይነቶች እንደሚያጋልጥ በቂ ማስረጃ መኖሩን ሲያስታውቅ ካረጡ በኋላ የሚከሰተው የጡት ካንሰር ከእነርሱ አንዱ ነበር።

ከማረጥ በፊት ግን ሥዕሉ ይለያል። በ2018 ከ750 ሺህ በላይ ሴቶችን ያካተቱ 19 ጥናቶች በአንድነት ተመርምረው ውጤታቸው ታትሟል። በዚህም መሠረት በወጣትነታቸው ወፈር ያሉ ሴቶች ከማረጣቸው በፊት በጡት ካንሰር የመያዝ ዕድላቸው ከቀጫጭኖቹ ያነሰ ሆኖ ተገኝቷል። ዝምድናው ጎልቶ የታየው ከ18 እስከ 24 ዓመት ባለው ዕድሜ በነበራቸው ክብደት ላይ ነው። ምክንያቱ እስከ አሁን በምርምር ላይ ያለ ጉዳይ ነው።

ይህን የምንጽፈው እውነትን ሳንሸራርፍ ለማስተማር እንጂ ማንም «እንግዲያውስ ልወፍር» እንዲል አይደለም። ሦስት ምክንያቶችን ልብ እንበል። አንደኛ፣ በወጣትነት የታየው ይህ ልዩነት ውፍረት ለስኳር በሽታ፣ ለደም ግፊት፣ ለልብ ሕመምና ለማሕፀን ግድግዳ ካንሰር ማጋለጡን አያስቀርም። ሁለተኛ፣ በወጣትነት የተከማቸ ክብደት ካረጡ በኋላም አብሮ ይኖራል፤ ያን ጊዜ ደግሞ አጋላጭ ይሆናል። ሦስተኛ፣ ጎጂ መሆኑ በጥናት ደጋግሞ የታየው ለአካለ መጠን ከደረሱ በኋላ ዓመት በዓመት እየጨመረ የሚሄደው ክብደት ነው።

ለዚህ አብነት የሚሆን አንድ ጥናት እንጥቀስ። በአሜሪካ በብዙ አሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ነርሶችን ለዓመታት የተከታተለው ጥናት በ2006 ባወጣው ውጤት፣ ከ18 ዓመታቸው ጀምሮ 25 ኪሎ ግራምና ከዚያ በላይ የጨመሩ ሴቶች ክብደታቸው ካልተለወጠ ሴቶች ይልቅ ካረጡ በኋላ በጡት ካንሰር የመያዝ ዕድላቸው በ45 በመቶ ከፍ ብሎ ተገኝቷል። በተቃራኒው ካረጡ በኋላ 10 ኪሎ ግራምና ከዚያ በላይ ቀንሰው ሳይመለስባቸው የቆዩና ሆርሞን ያልወሰዱ ሴቶች ዕድላቸው ከግማሽ በላይ ቀንሷል። በዚያው ሀገር በአይዋ ግዛት ከ33 ሺህ በላይ ሴቶችን የተከታተለ ሌላ ጥናትም ከ30 ዓመታቸው እስከ ማረጫቸው ባለው ጊዜ ክብደት የቀነሱ ሴቶች ዘወትር ሲጨምሩ ከኖሩት ይልቅ ካረጡ በኋላ በበሽታው የመያዝ ዕድላቸው በግልጽ ያነሰ መሆኑን አሳይቷል።

እንግዲህ ለመጀመሪያው ጥያቄ መልሱ ይህ ነው፦ ለማረጥ ያልደረሰች ሴት ክብደት መቀነሷ ዛሬውኑ ከጡት ካንሰር ይጠብቃታል ተብሎ አልተረጋገጠም፤ ከመጠን በላይ ወፍራ ከሆነ ግን ዛሬ የምትቀንሰው ክብደት ከ50 ዓመቷ በኋላ ለሚመጣው ዘመን ስንቅ ነው። ገበሬ በሰኔ የሚዘራው በኅዳር ሊያጭድ ነውና።

በሳምንት ሁለት ቀን፦ የማንቸስተሩ ጥናት

በእንግሊዝ ሀገር በማንቸስተር ከተማ የሚገኙ ተመራማሪዎች ለማረጥ ያልደረሱ ሴቶች እንዴት ክብደታቸውን ቀንሰው መጠበቅ እንደሚችሉ ለዓመታት አጥንተዋል። በ2011 የታተመው ጥናታቸው ለእኛ ለኦርቶዶክሳውያን ትኩረት የሚስብ ነው፤ የመረጡት መንገድ በሳምንት ሁለት ቀን ምግብን አጥብቆ መቀነስ ነበርና።

በጥናቱ የተሳተፉት ክብደታቸው ከመጠን ያለፈ 107 ሴቶች ሲሆኑ ለስድስት ወራት በሁለት ተከፍለው ቆይተዋል። የመጀመሪያዎቹ በሳምንት ሁለት ቀን ብቻ ወደ 540 ኪሎ ካሎሪ ገደማ፣ ማለትም ከዕለት ፍላጎታቸው ሩብ ያህሉን ተመገቡ፤ በቀሩት አምስት ቀናት እንደ ልማዳቸው በልክ በሉ። ሁለተኛዎቹ ሳምንቱን ሙሉ በየቀኑ ወደ 1,500 ኪሎ ካሎሪ ተወሰነላቸው። በስድስት ወሩ መጨረሻ የመጀመሪያዎቹ በአማካይ 6.4 ኪሎ ግራም፣ ሁለተኛዎቹ 5.6 ኪሎ ግራም ቀነሱ። ልዩነቱ ጥቂት ስለሆነ ሁለቱ መንገዶች በክብደት ረገድ እኩል ናቸው ማለት ይቻላል። በሁለቱም ወገን የደም ግፊት፣ የደም ቅባትና ሌፕቲን የተባለው ከስብ የሚመነጭ ሆርሞን ቀንሰዋል። ኢንሱሊን ግን ሁለት ቀን ባጠበቁት ላይ በመጠኑ የበለጠ ወርዷል።

ይህን ያነበበ ምእመን ረቡዕና ዓርብን ማሰቡ አይቀርም። ሆኖም ሁለቱን ማደባለቅ አይገባም። በማንቸስተር ለሁለቱ ቀናት የተፈቀደው ምግብ ባብዛኛው ወተት፣ አትክልትና ፍራፍሬ ነበር፤ እኛ ደግሞ በጾም ወተት አንቀምስም። እነርሱ የምግቡን መጠን ቆጠሩ፤ እኛ ደግሞ የምግቡን ዓይነትና የመመገቢያውን ሰዓት እንጠብቃለን። ከሁሉ በላይ ዓላማው የተለያየ ነው። ጥናቱ የሚያስረዳን በሳምንት ጥቂት ቀናት ሆድን ማስታገሥ ሰውነትን እንደማይጎዳ፣ ጤነኛ ለሆነና ክብደቱ ለበዛ ሰውም እንደሚጠቅም ነው። የጡት ካንሰር መቀነስ አለመቀነሱን ግን ይህ ጥናት አልለካም፤ ለዚያ ብዙ ሺህ ሴቶችንና ብዙ ዓመታትን ይጠይቃልና።

ጾም የክብደት መቀነሻ አይደለም

ጾም በቤተ ክርስቲያናችን ትምህርት ፈቃደ ሥጋን ለፈቃደ ነፍስ የምናስገዛበት፣ ንስሐ የምንገባበት፣ ለተራበ የምናካፍልበት ሥርዓት ነው። ነቢዩ ኢሳይያስ እግዚአብሔር የወደደው ጾም የበደልን እስራት መፍታት፣ ለተራበ መቁረስ፣ የተራቆተን ማልበስ መሆኑን አስተምሯል (ኢሳ. 58)። ጌታችንም ለሰው ለመታየት የሚጾሙ ሰዎች ዋጋቸውን በዚህ ዓለም እንደ ተቀበሉ ነግሮናል (ማቴ. 6፥16)። ወገቧ ቀጥኖ እንዲታይላት ብላ ዐቢይ ጾምን የምትጠብቅ እኅትም ዋጋዋ በመስተዋቱ ፊት ይቀራል። ስለዚህ «ዘንድሮ ጾሙን ለክብደቴ እጠቀምበታለሁ» የሚለው አነጋገር ከምእመን አንደበት ሊወጣ አይገባም።

ይህ ማለት ግን ጾም ለሥጋ ጥቅም የለውም ማለት አይደለም። በአግባቡ የተጾመ ጾም መጠንን ያስተምራል፤ መጠንን የተማረ ሰው ደግሞ በፍስክ ጊዜም አይስትም። የጤና ጥቅሙ የሚመጣው በዋናው ዓላማ ላይ ተጨምሮ እንጂ በራሱ ተፈልጎ አይደለም።

ጾማችን ለሥጋችን የሚሰጠውን ጥቅም ብዙ ጊዜ የምናጠፋው ራሳችን ነን። ከሥጋና ከወተት ተዋጽኦ መከልከል ብቻውን ክብደትን አይቀንስም። አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት ወደ 120 ኪሎ ካሎሪ ይይዛል፤ ለአንድ ድስት ወጥ የሚፈስሰው ዘይት ስንት ማንኪያ እንደሚሆን ባለሙያዋ እናት ታውቀዋለች። በጾም ሰሞን ሳምቡሳ፣ ቦምቦሊኖ፣ ፓስቲና የተጠበሰ ድንች በየመንገዱ ይበዛሉ። አንድ ጠርሙስ ለስላሳ መጠጥ ከ30 ግራም በላይ፣ ማለትም ከሰባት የሻይ ማንኪያ የማያንስ ስኳር አለበት። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ጾሞ ማታ ሁለትና ሦስት ጊዜ ያህል አብዝቶ መመገብም የዕለቱን ድምር አያሳንሰውም። በቅበላ ሰሞን ከመጠን በላይ መብላት፣ በፋሲካም እንደ ተራበ ሰው መረባረብ የሃምሳ አምስቱን ቀን ትዕግሥት በአንድ ሳምንት ያባክናል። ይህ የጤና ጉድለት ብቻ ሳይሆን የመንፈሳዊ ሕይወትም ጉድለት ነው፤ አባቶቻችን ሆዳምነትን ከፆር አንዱ አድርገው ይቈጥሩታልና።

በሌላ በኩል የጾም ማዕዳችን በትክክል ከተዘጋጀ ከማንም የማያንስ ነው። ምስር፣ ክክ፣ ሽሮ፣ ባቄላ፣ ሽምብራ፣ ጎመን፣ ቀይ ሥር፣ ፎሶሊያ፣ ተልባ፣ ሱፍ፣ ንፍሮ፣ ቆሎ፣ በሶ፣ የጤፍ እንጀራ ሁሉ በአሰር የበለጸጉና ቶሎ የሚያጠግቡ ናቸው። ዘይቱን ቀንሶ፣ አትክልቱን አብዝቶ ማቅረብ የጾሙን ሥርዓትም የሰውነትንም ጤና ያስጠብቃል።

ክብደት መቀነስ የሚገባው ለማን ነው?

ይህ ምክር ለሁሉም ሴት የተሰጠ አይደለም። በ2016 በሀገራችን የተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ከ15 እስከ 49 ዓመት ካሉት ሴቶች 22 በመቶ የሚሆኑት ከሚገባው በታች የቀጠኑ ሲሆኑ ከመጠን በላይ የወፈሩት 8 በመቶ ብቻ መሆናቸውን አሳይቷል። በከተማና በውጭ ሀገር በሚኖሩት ዘንድ ግን የውፍረቱ ቁጥር ከፍ ይላል። ከእስያ ወደ አሜሪካ የፈለሱ ሴቶች ልጆችና የልጅ ልጆች በጡት ካንሰር የመያዝ ዕድላቸው ከትውልድ ወደ ትውልድ ከፍ እያለ መሄዱ በጥናት ታውቋል። ይህም የኑሮና የአመጋገብ ለውጥ ምን ያህል ኃይል እንዳለው ስለሚያስረዳ በአሜሪካ፣ በአውሮፓና በዐረብ ሀገራት ለሚኖሩ እኅቶቻችን ማስጠንቀቂያ ሊሆን ይገባል።

እያንዳንዷ ሴት ራሷን የምትመዝንበት ቀላል ስሌት አለ። ክብደትን በኪሎ ግራም ወስዶ፣ ቁመትን በሜትር በራሱ አባዝቶ በተገኘው ማካፈል ነው። ለምሳሌ ቁመቷ 1.60 ሜትር፣ ክብደቷ 70 ኪሎ ግራም የሆነች ሴት ምጣኔዋ 27.3 ይሆናል። ከ18.5 በታች የሆነ ከመጠን በታች መቅጠንን፣ ከ18.5 እስከ 24.9 ያለው ተገቢውን ክብደት፣ ከ25 እስከ 29.9 ከመጠን ያለፈ ክብደትን፣ 30ና ከዚያ በላይ ደግሞ የጤና ችግር የሆነ ውፍረትን ያመለክታል። የወገብ ዙሪያ ከ80 ሴንቲ ሜትር ማለፍም በሆድ ዕቃ ዙሪያ ስብ መከማቸቱን ያሳያል።

ምጣኔዋ ከ25 በላይ የሆነች ሴት ከክብደቷ ከ5 እስከ 10 በመቶ መቀነሷ ብቻ የኢንሱሊንን፣ የደም ግፊትንና የደም ስኳርን ይዞታ ያሻሽላል። ከላይ ለተጠቀሰችው ሴት ይህ ከ3.5 እስከ 7 ኪሎ ግራም ማለት ነው። በሳምንት ግማሽ ኪሎ ግራም ያህል በዝግታ መቀነስ ይበቃል፤ በጥድፊያ የወረደ ክብደት በጥድፊያ ይመለሳል።

ሊጠነቀቁ የሚገባቸውም አሉ። ነፍሰ ጡሮች፣ የሚያጠቡ እናቶች፣ ከመጠን በታች የቀጠኑ፣ ኢንሱሊን ወይም የስኳር መድኃኒት የሚወስዱ፣ ለካንሰር ሕክምና እየተከታተሉ ያሉና በሌላ ሕመም የተያዙ እኅቶች ከሐኪም ጋር ሳይመካከሩ ምግባቸውን መቀነስ የለባቸውም። ቤተ ክርስቲያንም እናት ናትና ለሕሙማን፣ ለነፍሰ ጡሮችና ለአራሶች ታራራለች፤ ይህን ከንስሐ አባት ጋር መነጋገር ነውር አይደለም። ክብደቷ ያለ ምክንያት እየቀነሰ የሄደ ሴት ደግሞ ደስ ሊላት ሳይሆን ወደ ሐኪም ልትሄድ ይገባል።

ከክብደት በተጨማሪ የሚጠብቁን ነገሮች

የአካል እንቅስቃሴ፦ ከማረጥ በፊትም ሆነ በኋላ የሚንቀሳቀሱ ሴቶች በጡት ካንሰር የመያዝ ዕድላቸው ያነሰ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ መጠነኛ እንቅስቃሴን ይመክራል፤ ይህም በሳምንት አምስት ቀን ለ30 ደቂቃ ፈጠን ብሎ እንደ መራመድ ነው። ወደ ቤተ ክርስቲያን በእግር መሄድ የሚችል ሰው ታክሲውን ቢተወው አንድም ለበረከት፣ አንድም ለጤና ይሆነዋል። ስግደት አምልኮ እንጂ ስፖርት አይደለም፤ ነገር ግን ለነፍስ የተደረገው ሥጋንም ሳይጠቅም አይቀርም።

ከአልኮል መጠጥ መታቀብ፦ አልኮል ከማረጥ በፊትም በኋላም የጡት ካንሰርን ያስከትላል። በየቀኑ የሚጠጣ 10 ግራም አልኮል የመያዝ ዕድልን ከ7 እስከ 10 በመቶ ያህል ይጨምራል፤ አንድ የ330 ሚሊ ሊትር ቢራ ብቻውን ወደ 13 ግራም ሊይዝ ይችላል። ጠላም፣ ጠጅም፣ አረቄም ከዚህ ውጪ አይደሉም። በማኅበርና በዝክር ላይ ለእኅቶች ብርዝና ጭማቂ ማቅረብ የጽዋውን በረከት አያጎድልም።

ጡት ማጥባት፦ ከ30 ሀገራት የተሰበሰቡ 47 ጥናቶችን ያጠቃለለ ሥራ በ2002 እንዳሳየው እናት ባጠባችባቸው በእያንዳንዱ 12 ወራት በጡት ካንሰር የመያዝ ዕድሏ በ4.3 በመቶ ይቀንሳል፤ ይህም በእያንዳንዱ ወሊድ ከሚገኘው የ7 በመቶ ቅናሽ በተጨማሪ ነው። እናቶቻችን ልጆቻቸውን ሁለት ዓመት ማጥባታቸው ለሕፃኑ ብቻ ሳይሆን ለራሳቸውም ጥበቃ ነበር።

ምልክቱን ማወቅ፣ ሳይዘገዩ መታከም

ቀጭንም ሆነች ወፍራም፣ የምትጾምም ሆነች የማትጾም ማንኛዋም ሴት በጡት ካንሰር ልትያዝ ትችላለች። ስለዚህ ክብደትን መጠበቅ ምርመራን አይተካም። በጡት ወይም በብብት ሥር የሚዳሰስ እብጠት፣ የጡት ቆዳ መሰርጎድ ወይም እንደ ብርቱካን ልጣጭ መሆን፣ የጡት ጫፍ ወደ ውስጥ መግባት፣ ከጡት ጫፍ ደም ወይም ያልተለመደ ፈሳሽ መውጣት፣ የጡት ቅርጽ መለወጥ ወይም መቅላት ሲታይ ወደ ጤና ተቋም መሄድ ያስፈልጋል። እብጠቱ በአብዛኛው አያምም፤ አለማመሙ ግን ደኅና ነው ማለት አይደለም። ደግሞም አብዛኞቹ እብጠቶች ካንሰር ስላልሆኑ አስቀድሞ በፍርሃት መሸሸግ አይገባም። እናቷ ወይም እኅቷ በዚህ በሽታ የተያዘችባት ሴት ምልክት ሳይታይባት ከሐኪም ጋር ትመካከር። በአሜሪካ የሚኖሩ እኅቶች ከ40 ዓመታቸው ጀምሮ በየሁለት ዓመቱ የማሞግራፊ ምርመራ እንዲያደርጉ እንደሚመከር ይወቁ። በዚያ ሀገር በሽታው ከጡት ሳይወጣ የተገኘባቸው ሴቶች ከ99 በመቶ በላይ የሚሆኑት አምስት ዓመትና ከዚያ በላይ ይኖራሉ።

በእኛ ዘንድ ብዙ እናቶችን የሚያዘገየው አንዱ ነገር ሕክምናና ጠበል እንደሚጣሉ አድርጎ ማሰብ ነው። ይህ የቤተ ክርስቲያን ትምህርት አይደለም። ወንጌልን የጻፈልን ቅዱስ ሉቃስ ባለ መድኃኒት ነበር (ቈላ. 4፥14)። መጽሐፈ ሲራክ ሐኪምን የፈጠረው እግዚአብሔር መሆኑንና ጥበበኛ ሰው መድኃኒትን እንደማይንቅ ያስተምራል (ሲራ. 38)። ለንጉሡ ሕዝቅያስ ነቢዩ ኢሳይያስ ከጸሎቱ ጋር የበለስ ጥፍጥፍ በቍስሉ ላይ እንዲደረግ አዝዟል (ኢሳ. 38፥21)። ታላቁ ባስልዮስ በቂሳርያ ለድኾችና ለሕሙማን መታከሚያ ሠርቷል። በቅርብ ዘመንም ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስ ሕሙማን ጠበል እየተጠመቁ የኤችአይቪ መድኃኒታቸውን እንዲወስዱ መክረዋል። ጠበል የምትጠመቅ እናት መድኃኒቷን አታቋርጥ፤ የምትታከምም እናት ጸሎቷን አትተው። ስድስት ወር ጠበል ቦታ ቆይቶ ወደ ሐኪም መምጣትና በመጀመሪያው ሳምንት ሁለቱንም ይዞ መምጣት በሕይወትና በሞት መካከል ያለ ልዩነት ሊሆን ይችላል።

ሌላው የሚያዘገይ ነገር ሐፍረት ነው። ሕመም የኃጢአት ምልክት ተደርጎ የሚታይበት ቤት ውስጥ ሴቲቱ እብጠቷን ትሸሽጋለች። ጌታችን ዕውር ሆኖ ስለ ተወለደው ሰው ሲጠየቅ እርሱም ወላጆቹም በድለው እንዳልሆነ አስረድቷል (ዮሐ. 9፥3)። ውፍረትም ሆነ ካንሰር መሳለቂያ ሊሆን አይገባም። ባል ሚስቱን፣ ልጅ እናቱን፣ ወንድም እኅቱን ይዞ ወደ ሕክምና መሄድ ሕሙማንን እንደ መጠየቅ የሚቈጠር ምግባር ነው። ሰንበት ትምህርት ቤቶች፣ የእናቶች ማኅበራትና ሰበካ ጉባኤያትም በመካከላቸው ያሉትን ሐኪሞችና ነርሶች ጋብዘው ከጉባኤ በኋላ ለአንድ ሰዓት ትምህርት ቢሰጡ ብዙ እናቶች ይተርፋሉ።

ማጠቃለያ

ለማረጥ ያልደረሰች እኅት ከዚህ ጽሑፍ ይህን ትያዝ። ክብደቷ ተገቢ ከሆነ ዓመት በዓመት እንዳይጨምር ትጠብቀው፤ ከመጠን ያለፈ ከሆነ በዝግታ ትቀንሰው፤ የቀጠነች ከሆነች ግን ምግቧን አትቀንስ። ትንቀሳቀስ፤ ከአልኮል ትራቅ፤ ልጇን ታጥባ። ጾሟን ለእግዚአብሔር ትጹም፤ ማዕዷን በልክ ታድርግ። በጡቷ ላይ ለውጥ ብታይ አንድም ሳምንት ሳትዘገይ ትመርመር። ይህን ሁሉ አድርጋም ብትታመም «ለምን በእኔ ላይ?» ብላ ራሷን አትውቀስ፤ ጥንቃቄ የእኛ ድርሻ ነው፤ ሕይወት ግን የሰጪዋ የእግዚአብሔር ናት።

የታመሙትን እናቶቻችንንና እኅቶቻችንን እግዚአብሔር በምሕረቱ ይጎብኝልን፤ ለሚያክሟቸውም ጥበብን ይስጥልን። የእመቤታችን የቅድስት ድንግል ማርያም አማላጅነት፣ የቅዱሳን ሁሉ ጸሎት አይለየን፤ አሜን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር